ወደ መሬት የገባው መብረቅ

ከነፋስ ስልክ በተሳፈርኩበት ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ቱታ የለበሰና ፒንሳ ወገቡ ላይ የሻጠ ጎልማሳ ገብቶ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ ያሉት እናት ዝም ማለት አልቻሉም።

«የመብራት ሠራተኛ ነህ አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ትናንት በዚያ ዝናብ ደጃችን ያለው ትራንስፎርመር ላይ መብረቅ ወረደብን!»

«ውይ! ሰው ተጎዳ?»

«ልጄ ካውያ ይዛ ልብስ ትተኩስ ነበር። አምና እንዲሁ ወርዶ በሽቦው ቤት ገባና የጎረቤቴን እጅ አቃጠለው።»

«ያኔ ከትራንስፎርመሩ በምሰሶው ወርዶ መሬት የሚቀበረው ሽቦ ተቆርጦ ይሆናላ።»

«ሌባ ወስዶት ነዋ! በቀደም ሠራተኞች መጥተው፣ ጉድጓድ ቆፍረው አዲስ ቀበሩልን።»

«ታዲያ ልጅዎስ?»

«ምን ትሆናለች! አምፖሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ እሷም ካውያውን ጥላ እየጮኸች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ደህና ናት!»

«እሰይ! መብረቁ በአዲሱ ሽቦ አድርጎ መሬት ገብቷላ! ለዚህ እኮ ነው የምንቀብረው!»

«ና ልሳምህ!»

«ኧረ እማማ፣ የእናንተን ሰፈር የሠራሁት እኔ አይደለሁም።»

«እነሱን አሁን የት አገኛቸዋለሁ? ና፣ ጉንጭህን አምጣ!»

ታክሲው በሳቅ ሲሞላ እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞሬ፣ ትራንስፎርመር የተሸከሙትን ምሰሶዎች እግር እግራቸውን እያየሁ ሄድኩ።