ጥቁሩ ድንጋይና የአበልጄ በሬ

በእኛ ጊዜማ ድንጋይ ማለት ማረሻ የሚሰብር ጠላት ነው፤ ከከተማ ድረስ መጥቶ የሚፈልገው ሰው ይኖራል ብሎ ማን አስቦ! የሻረግ፣ አንች የክርስትና ልጄ ነሽ፤ ይህን የምነግርሽ አባትሽ ታከለ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

እና አንዲት የማዕድን ባለሙያ መዶሻዋን ይዛ ከቡሬ ወደኛ ቀበሌ መጣች። ደጄ ላይ አረፍ ብላ ውሃ ስትጠጣ የጎተራዬን ክዳን የምጫንበትን ጥቁር ድንጋይ አየችና ላንሳው ብትል ከበዳት። “ውይ! አባባ፣ ይኼ ክሮሚየም ያለበት ይመስለኛል! ብረት እንዳይዝግ የሚያደርገው ነው። እንዲህ ያለ አለት ካለ ኒኬሉም ፕላቲኒየሙም አብሮ ሊገኝ ይችላል። ከየት አመጡት?” አለችኝ።

ከየት ልበላት? ከጤፍ ማሳዬ ነዋ! ታዲያ በሆዴ “መሬቴን ሊወስዱት ነው” አልሁ፤ እና ምላሴ ቀደመኝ። “ከወንዙ ማዶ፣ ከአበልጄ ከታከለ ግጦሽ ነው” አልኋት። ሣር እንጂ እህል የሌለበት መሬት ቢቆፈር ማንን ይጎዳል ብዬ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ክፉ አላሰብሁም።

ታዲያ ከድንጋዩ በመዶሻዋ ቆርሳ ሄደች፤ ኋላ ሠራተኞች ይዛ መጣችና ግጦሹን ቆፈሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጉድጓድ። ምንም የለም። ጉድጓዱ ሳይደፈን ዝናብ ጣለ፣ እና ያባትሽ በሬ ቦራ ሲግጥ አፋፉ ተናደበት፤ ገብቶ አንገቱ ተሰበረ። እኔ አንድ በሬ፣ እሱ አንድ በሬ፣ በመቀናጆ ነበር የምናርስ። ዘር ደግሞ ደርሷል! እኔስ ከወንድሜ ልጅ ጋር ተቀናጀሁ፤ አባትሽ ግን የሚያቀናጀው አጥቶ መሬቱን ለእኩል፣ ምርቱን ሊካፈል፣ ለሌላ ሰው ሰጠ። በገዛ መሬቱ ዳር ቆሞ ሌላ ሰው ሲያርስ ሲያይ አየሁት፤ አየሁትና ፊቴን አዞርሁ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ “አበልጄ፣ ያ ድንጋይ ግን እውነት ከኔ ግጦሽ ነው?” አለኝ።

“እንዴታ!” አልሁት።

“ካልህስ እሺ” አለና መንገዱን ቀጠለ። አየሽ? ያኔ መናገር እችል ነበር።

ያች ባለሙያ ልጅ በዓመቱ ተመለሰች። “አባባ፣ ድንጋዩ ተመርምሯል። ክሮሚየም አለው፣ ግን ጥቂት ነው፤ ለዚህ ብሎ መሬት የሚቆፍር የለም” አለች። ለምንም! ለምንም ነው የዚያን በሬ አንገት የሰበርሁት። ታከለን ስቀብር እንኳ አፌ አልተፈታም። በይ አሁን አንች ፍረጅብኝ።

የሻረግ እንዲህ አለች፦

“ጋሽዬ፣ አባቴ ያውቅ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እናቴ ነገረችኝ። ያን ድንጋይ ከማሳዎ ሲያወጡት ባንድ ወገን የያዘው እሱ ነው፤ ረስተውት ነው። ግጦሹን ሲቆፍሩ ዝም ያለው እርስዎን ውሸታም ላለማሰኘት ነው። እናቴ ‘ንገረው እንጂ’ ስትለው ‘እሱ ይንገረኝ’ ይላት ነበር። በየፋሲካው አክፋይ፣ ያው የበዓል ስጦታዎን፣ ይዤልዎ መጥቼ ስመለስ ‘ዛሬስ የላከልኝ ቃል አለ?’ ይለኛል። እኔ ምን እንደሚጠብቅ አላውቅ፤ ‘ሰላም ብለውሃል’ እለው ነበር።”