ጉና ላይ የወደቀውን አውሮፕላን ስናፈላልግ

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ማህተም ያዥ ማለት ከአስተዳዳሪው በላይ ነበር። አትሳቁ! እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር ቢሮ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ስተይብ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አሁንም ያው ነው። ታዲያ ጡረታ ወጥቼ፣ እፎይ ብዬ፣ ደጄ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ጎረቤቴ ይርጋ መጣ፤ ያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ የሚያስተምረው።

«እትዬ አሰገደች፣ ይነሱልኝ» አለኝ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«የሞተውስ ድሮ ነው» አለና ነገሩን አጫወተኝ። በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን የወደቀባቸውን ቦታዎች የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፣ እሱ ነው የሚመራቸው። አንዱ ጉና ላይ ወድቋል ይባላል። የነጂው የእህት ልጅ፣ ሉቺያ የምትባል፣ ፀጉሯ እንደኔ ጥጥ የመሰለ፣ ከጣሊያን ድረስ መጥታ ሆቴል ተቀምጣለች። ክረምቱ ከገባ ደግሞ ጉና አይወጣም፣ ጭጋጉና ጭቃው ያስቀራል፤ እና የፍለጋው ፈቃድ አላልቅ ብሏል። «ቢሮውን የሚያውቁት አንቱ ነዎት፣ ጉዳዩን ይጨርሱልን» አለኝ።

እንዴ! እኔ ለዚህ አይደል የተፈጠርሁት! ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድሁ። እና ጸሐፊዋ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፣ «ደብዳቤው ተፈርሟል እማማ፣ ማህተም ያዡ ግን የሉም» አለች።

«የት ሄዱ?»

«ሰርግ።»

«የት?»

«ሐሙሲት።»

«ማህተሙስ?»

«ተቆልፎበታል። ቁልፉ ኪሳቸው ነው።»

ይኸውላችሁ! ታዲያ ሉቺያን ይዘን፣ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ወደ ሐሙሲት። ዳሱ ውስጥ ብንገባ ማህተም ያዡ አቶ ፈንታሁን የሙሽራው አጎት ኖሯል፣ ጋቢውን ደርቦ ጠላ ያስቀዳል። ሲያየን ደነገጠ። «እትዬ አሰገደች! ጡረታ ወጥተውም አላረፉም? የመንግሥት ማህተም በሰርግ ቀን አይመታም!» አለኝ፣ እንዲህ ጣቱን እያወዛወዘ። እና እኔ ልከራከረው ስል፣ ሉቺያስ? ልጃገረዶቹ መሀል ገብታ እስክስታ ልምታ ትላለች! ትከሻዋ ወዲህ፣ አንገቷ ወዲያ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ታዲያ የሙሽራው እናት ብድግ አለችና፣ «ፈንታሁን፣ እኔን እህትህን ካከበርህ ይቺን ሴትዮ አታመላልሳት» አለችው። እህት ከተናገረች ምን ያደርጋል? ጋቢውን እንደደረበ አብሮን መጣ፣ ቢሮውን ከፈተና ማህተሙን ጧ! አደረገልን።

በማግስቱ ጉና። መኪናው እስከቻለበት ሄደ፣ ከዚያ በበቅሎ። ያ ብርድ! መንደሩ አፋፍ ላይ ስንደርስ ሰዎች ዱላቸውን ይዘው ቆመው ጠበቁን። ደብዳቤዬን ዘረጋሁ። አንዱ ጎልማሳ አየና፣ «ማህተሙስ ደኅና ነው። ግን ወርቅ ልትቆፍሩ አይደል የመጣችሁ?» አለ።

«ኧረ ወርቁ ይቅርብን! አጎቷ የወደቀበትን ልታይ ነው» አልሁ።

ይኸን ጊዜ አያ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ከመሀል ወጡ። «ያ አውሮፕላን የወደቀው መንደራችንን አቃጥሎ ነው» አሉ። «እኔ ገና አልተወለድሁም። ታላቅ እህቴ ግን እሳቱ ውስጥ ቀርታለች።»

ሉቺያ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትላለች፤ ይርጋ እኔን ያየኛል፣ «ልተርጉመው ወይስ ልተወው?»

«ተርጉም እንጂ! ያን ያህል አገር አቋርጣ የመጣችው ውሸት ልትሰማ ነው?» አልሁት።

ተረጎመላት። ከበቅሎዋ ወረደች። ባርኔጣዋን አወለቀች። «እኛ ቤት የሚወራው ዘፈን ይወድ እንደነበር ብቻ ነው፤ ይኸን ማንም አልነገረኝም» አለች። «እህትዎ ማን ትባላለች?»

«ውድነሽ።»

«ከአጎቴ በፊት ውድነሽ ያረፈችበትን ያሳዩኝ። አይሆንም ካሉኝም እመለሳለሁ።»

አያ ቢተው ዱላቸውን ለጎልማሳው ሰጡት። ከዚያ እጇን ያዙና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘዋት ሄዱ። እኛም ተከተልን። የውድነሽ መቃብር ላይ ተንበረከከች። በኋላ ሽማግሌው ራሳቸው አስነሷትና ከመንደሩ ራቅ ወዳለ የድንጋይ ክምር ወሰዷት። «አባቴ ነው የቀበረው» አሉ። «ሰው ‹ለጅብ ተወው› ቢለው፣ ‹ከሞተ ወዲያ ጠላት የለም፤ ደግሞ ጅብን የሰው ሥጋ ካስለመድነው እኛንስ ማን ይጠብቀናል?› አለ።»

እሷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ፣ ይርጋ እንኳ መነጽሩን ጠረገ።

ታዲያ እንባችን ሳይደርቅ ይርጋ፣ «የአውሮፕላኑ ስባሪስ የለም?» ቢል፣ የአያ ቢተው ሚስት «የዶሮ ቤቴ መዝጊያ ምን ይመስልሃል?» አሉት። ሄደን ብናይ እውነትም የክንፉ ቆርቆሮ! ይርጋ ፎቶ ላንሳ ብሎ ሲያጎነብስ አውራ ዶሮው ዘሎ አናቱ ላይ! ያ ስለ ወርቅ የጠየቀን ጎልማሳ፣ «መምህር፣ ለዶሮ ቤቱ የብቻው ደብዳቤ ያስፈልጋል!» አለው። ሰው በሳቅ ወደቀ፣ ሉቺያም ሲተረጎምላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እና በግ ታረደ፣ የገብስ ዳቦ ተቆረሰ፣ እሷና አያ ቢተው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ ሲጎራረሱ ዋሉ።

ልንሰናበት ስንል አያ ቢተው አቅፈው ሳሟትና፣ «ሌሎቹም አውሮፕላኖች ዘመድ ካላቸው ይምጡ፣ እናሳያቸዋለን» አሉ። «ግን በየተራ ይሁን፤ በጎቼን እንዳትጨርሱብኝ!»

«እና አንቱስ እትዬ፣ ጠግበው ተመለሱ?» ትሉኛላችሁ፣ ልጆቼ።

«ጠግቤ? ሆዴም ልቤም ጠግቦ እንጂ!»