ጽዋው መጀመሪያ የተጠጣበት

የመንደራችንን ትንሽዬ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያንና የጽዋ ማኅበሯን ታሪክ ጽፈህ በንግሡ ዕለት ታነባለህ ተባልኩና ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ለካ ሰው ላጣላ ነው! በሰፈራ ከወሎ መጥተው ማኅበሩን ከመሠረቱት በሕይወት ያሉት አያ ሞላና አያ ደምሴ ብቻ ናቸው። አያ ሞላ «ጽዋው መጀመሪያ የተጠጣው እኔ ቤት ነው» አሉኝ። አያ ደምሴ ይህን ሲሰሙ «ኧረ በገብርኤል! እኔ ቤት እንጂ!» ብለው ቱግ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ ተነፋፈጉ። በዓሉ ሲቃረብ ጨነቀኝና ጎረቤታችን ሼህ ሐሚድ ዘንድ ሄድኩ። ሼሁ የአገሬው የቤርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያኗ የመጀመሪያውን ቀርከሃ ከሰፋሪዎቹ ጋር የቆረጡት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄዬን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። «ያኔ ሞላ ቤት የለም፣ ደምሴም ቤት የለም። ሁሉም ድንኳን ነው። ማኅበር የተጀመረው እዚህ፣ ማንጎ ሥር ነው። ጠላ የለም፣ ማንጎ ጨምቀን ጠጣን።» ሮጬ ሄጄ ለሁለቱ ነገርኳቸው። አያ ሞላ ግንባራቸውን መትተው «አዬ እርጅና! እውነታቸውን ነው» ሲሉ አያ ደምሴን ሳቅ አሸነፋቸው፤ እዚያው ተቃቀፉ። በበዓሉ ዕለት ሼሁን ከፊት አስቀምጠን «ማኅበራችን የተጀመረው በሼህ ሐሚድ ማንጎ ሥር ነው» ብዬ ሳነብ ሼሁ እጃቸውን አወጡ።

«አስተካክል ልጄ» አሉኝ። «ማንጎ የኔ አይደለም፣ የሚስቴ ነው። ይህን ከሰማች ዛሬ ራት የለም!»