ከመሐል ፈቀቅ ያለው ምልክት

ዛሬ የምንሸኛቸው ሠዓሊው ታላቅ ወንድሜ፣ ከአናጺው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በኩር ሆነው የተወለዱ፣ ገና ፊደል ሳይለዩ በአባታችን ጠመኔ የጓዳውን በር እየሳሉ ቁጣን የለመዱ፣ ቁጣውም ከመሳል ያልመለሳቸው ሰው ነበሩ።

ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያልተለዩትን ወርቃማ ምጥጥን ተማሩ። ይኸውም ሸራው ለሁለት ሲከፈል፣ ትንሹ ክፍል ለትልቁ እንደሆነው ሁሉ ትልቁም ለጠቅላላው የሚሆንበት፣ ከመሐል ፈቀቅ ያለ ቦታ ነው። የተመልካች ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ በሲባጎ ለክተው በከሰል ምልክት ሳያደርጉ ብሩሽ አያነሡም፤ ምልክቱንም በቀለም ሳይሸፍኑ ሥዕሉን አልቋል አይሉም ነበር። በኋላም እዚያው መምህር ሆነው ሲያገለግሉ፣ ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ሲባጎ» እያሉ ሲያሟቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉ ነበር።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሴቷ እንደ አባቷ ሠዓሊ፣ እንደ አባቷም ግትር ወጣች። በምረቃዋ ዐውደ ርዕይ የእናቷን ፊት ልክ ከሸራው መሐል ላይ ሥላ ብታቀርብ፣ ፈታኟ የነበሩት አባቷ ሥዕሉን በሰው ፊት ከግድግዳው አወረዱት። እሷም በዚያው ከቤት ወጥታ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ስሟን በገበታ ላይ ያነሣ ሰው ቢኖር፣ ወንድሜ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ይነሡ ነበር። እልኸኛ ነበሩ፤ ሞቱ ብዬ አላሳምራቸውም።

ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ በግራቸው የመጨረሻውን ሥዕል ጀመሩ። የሥዕል ክፍላቸውን በር ከውስጥ ስለሚቆልፉ፣ ሥዕሉ ይቀድማል ወይስ ሞት እያልን፣ እስኪያርፉ ድረስ ደጃፉ ላይ ስንጠብቅ ከረምን። ባረፉ ማግሥት ሥዕሉን የሸፈኑበት ጨርቅ ሲነሣ፣ የሴት ልጃቸው ፊት ልክ መሐል ላይ ተሥሎ አገኘነው። ወንድ ልጃቸው «ሕመሙ አሳስቷቸዋል፣ ሰው አይየው» ብሎ ሊሸፍነው ሲል እናቱ ሸራውን አቅፈው አልለቅም አሉ፤ በሐዘን ቤት ጠብ ሊነሣ ሆነ። እኔ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ባየው፣ ከፊቷ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ የከሰሉ ምልክት ሳይሸፈን ቁጭ ብሏል። ወንድሜ አልተሳሳቱም። ለክተው፣ ልኩን አውቀው፣ ልጃቸውን እሷ በመረጠችው ቦታ አኖሯት።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ልከንባት ደርሳ አሁን ከበሩ ላይ ቆማ የምትሰማንን ሴት ልጃቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም እርስ በርስ ያጽናናን።

ልጄ፣ ሥዕሉን ከፊት ሰቅለነዋል። ግቢና እዪው።