ለሻይ የፈረምንበት ወረቀት

ነይ እስቲ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። ወንበሩ ይንገዳገዳል እንጂ ይችልሻል። ሙቀቱ ደግሞ ዛሬ... መስኮት ክፈቱልን ብንል ብናኝ ይገባል አሉን። ብዪ እንጂ የኔ እህት፣ አዲስ ሰው ሲያፍር ሆዱን ነው የሚጎዳው። ወደ ኋላ ግን አትዙሪ፤ ከጀርባችን የተቀመጡት ሰውዬ ምሳቸውን በሰላም ይብሉበት። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

የሠራተኛ ማኅበራችንን ሊቀመንበር ነግሬሻለሁ? እንዴት ያሉ አሳቢ መሰሉሽ... መሰብሰብ እንዳይደክመን ብለው ለብቻቸው የሚሰበሰቡልን። ከእኛው ጋር የሸሚዝ ቁልፍ ሲተክሉ «አንተ» ነበር የምንላቸው። ቢሮ ከተሰጣቸው ወዲህ ግን አንደበቴ ራሱ «እርስዎ» ካላልኩ ይለኛል። ወንበር ሲለሰልስ ምላስም ይለሰልሳል መሰል።

ድሮ እኮ ሞኞች ነበርን። የዚህ ሰፈር ስድስት የልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር በደመወዝ የምንደራደረው። የሸሚዝ ሰፊ ደመወዝ እዚህም እዚያም አንድ። ባለቤቶቹ ታዲያ በምን ይፎካከሩ? በስፌት ጥራት፣ በአዲስ ማሽን... ምን ዓይነት ጭንቅ ነው? እሳቸው ናቸው ያዘኑላቸው። «ለብቻችን ብንደራደር ለሀገር ኢኮኖሚ ይበጃል» አሉና ስብሰባ ጠሩን። በር ላይ፣ ሻዩ ለስንት ሰው እንደሚቀዳ ለማወቅ ነው ተብለን ፈረምን። በማግስቱ ያ ወረቀት ደመወዛችንን ከሚቀንሰው ስምምነት ኋላ ተያይዞ ተገኘ፤ ሁላችንም ተስማምተናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? አንበሳው ምን በደለ ብለው ፈቱልን።

እኛ ስንረክስ ጎረቤት ያለው ፋብሪካ፣ «እነሱ በዚህ ዋጋ ከሠሩ» ብሎ የሠራተኞቹን ደመወዝ ቀነሰ። ታናሽ እህቴ እዚያ ናት። ሁለት ወር ሳይቆይ የኛ ባለቤት፣ ጎረቤት ከኛ ረከሰ ብሎ እንደገና ሊቀንስብን ደብዳቤ ለጠፈ። በመውረድ መቼም የሚቀድመን የለም... ዳቦ ቤቱ አንዱን ምድጃ አጥፍቷል፣ ጫማ ሻጩም ጭራሽ ዘግቷል። የምንሰፋውን ሸሚዝ ለባሎቻችን መግዛት ካቃተን ቆየን። ኢኮኖሚ ሲበጀው እንዲህ ይሆን? እኔ ያልተማርኩት ምን አውቃለሁ። እህቴ ግን የቤት ኪራይ አልገፋ ብሏት ልጆቿን ይዛ እኔ ጋ ገብታለች። ስስቅ አትዪኝ፣ አንጀቴስ አርሯል።

ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። ወደ ስድስታችን ጠረጴዛ እንመለስ ወይስ እሳቸው ለብቻቸው ይድከሙልን ነው ነገሩ። እጅ በማውጣት ነው። ሻይ የለም ዛሬ፤ ቢጠማሽ ቻይው። እኔ እንዲህ ምረጪ አልልሽም፣ እንዲያው የሰው ውለታ እንዳይረሳ ብዬ ነው...

የሊቀመንበራችን ልጅ ስፌት ተምራ ጨረሰች አሉ። ሰኞ ጎረቤት ፋብሪካ ሥራ ትጀምራለች፣ ከእህቴ ጎን ባለው ማሽን። እሰይ፣ ደስ ብሎኛል። ጨዋ ልጅ ናት፣ እሷ ምን አደረገች? ፈጣሪ እጇን ይባርክላት። ዕድሜና ጤና አይንሳት። ለደመወዟም የሚደራደርላት፣ ልክ እንደ አባቷ ያለ ሰው ይዘዝላት።