ልቡ እየመታ የተሰፋው ሰውዬ

ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን «ነቃ? ተመስገን» ብላ ስትዘጋ አጠገቧ ያሉት አዛውንት ጠየቋት።

«ማነው የነቃው ልጄ?»

«ጠዋት ልቡን ኦፕራሲዮን ያደረግነው ሰውዬ ነው፣ አባባ። እኔ የማደንዘዣ ሐኪም ነኝ።»

«ልቡን አቁማችሁ?»

«አላቆምነውም። የተደፈነው ደም ስሩ ላይ ማለፊያ የሚሆን ሌላ ደም ስር ቀጠልንለት፤ ልቡ እየመታ።»

«እየዘለለ እንዴት ይሰፋል?»

«የሚሰፋበትን ቦታ ብቻ ረጋ አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ አለ። የሚያስፈራው፣ ማለቴ፣ በልቡ ጀርባ በኩል ለመስፋት ልቡ ወደ ላይ ቀና ሲደረግ ነው። ያኔ የደም ግፊቱ ይወርዳል።»

«ወረደ?»

«በጣም ወረደ። ሰርጅኑን ‹ልቡን ወደ ቦታው መልሰው› አልኩት፤ መለሰው። አልጋውን በእግሩ በኩል ከፍ አድርገን፣ መድኃኒት ሰጥቼው ጠበቅን።»

«ሰርጅኑ አልተቆጣሽም?»

«እጁን አጣምሮ የኔን አፍ ያይ ነበር። ግፊቱ ሲረጋ ‹አሁን› አልኩት፤ ቀስ ብሎ አነሳው። በቃ፣ እስከ መጨረሻው ስፌት አልወረደም።»

«ሲነቃ ምን አለ?»

«የመተንፈሻ ቱቦው ከአፉ እንደወጣለት ‹ጀመራችሁ እንዴ?› አለ አሉ።»

«ታዲያ እልል አትዪም?»

«ታክሲ ውስጥ ነኝ ብዬ ነው፣ አባባ።»

ባምቢስ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ እነሱን ስሰማ «ወራጅ አለ» ሳልል ሜክሲኮ ደረስኩ።