የእትዬ ዶሮዎች ረዳት አገኙ

ነይ እህት ዓለም፣ ግቢ። በሩን ገፋ አድርጊው፣ ክፍት ነው። እዚህ እትዬ ግቢ ጥላው ሥር ቁጭ በይ፤ የያዝሽውንም ሱሪ እዚሁ ቀምቅሚው፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብሻል መሰለኝ... የስፌት መኪናሽ ድምፅ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ማለፊያ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይንቋቋል እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። ደመናውን አየሽው? ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አይዘንብም።

ጮክ ብዬ ካወራሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ድምፄ ልኩን አያውቅም። ጓሮ ያለ ሰው ሁሉ ሳይሰማኝ አይቀርም። ቢሰማስ? ምን ክፉ ወጣኝ? ታውቂኛለሽ፣ እኔ ሰው ማስቀየም የምፈራ ሽማግሌ ነኝ። ስለ ዶሮ ነው የማወራሽ።

በር ላይ የቆመችውን መኪና አየሻት አይደል? እንግዳ አይደሉም፣ የቤት ሰው ናቸው። እናታቸውን እትዬን ሊረዱ መጥተው ነው። የእህት ልጅ አንቱ አይባልም ትይኝ ይሆናል... እውነትሽን ነው። በጀርባዬ ያዘልኩትን ልጅ አንቱ ስል እኔም ለራሴ ይገርመኛል። ግን ይህን ያህል ሥራ ያለበትን ሰው፣ እናቱን ለማየት ስንት ወር ቀን ሲፈልግ የኖረን ሰው፣ አንተ ልለው ስል አፌን ያዘኝ። ስም አልጠራሁም ደግሞ። ጌታው ነው የምላቸው፣ እሱ ይበቃል።

መረዳቱስ ያስፈልጋል። እኔ አልዋሽም፣ እህቴ አርጅታለች። ጥሬውን በትና ስታበቃ በተነች አልበተነች ይጠፋባትና ደግማ ትበትናለች፤ ውሃውን ግን ትረሳዋለች። የዶሮ ቤቱን በር ሳትዘጋ ያደረችበት ጊዜ አለ፣ ሸለምጥማጥ ገብቶ ጠቃጠቆዋን ዶሮ ወሰዳት። ይህን ሁሉ አንቺም ታውቂዋለሽ። ታዲያ እኔ ምን ረዳኋት? ማምሻውን ብቅ እያልኩ በሩን እዘጋለሁ፣ ጠዋት መጥቼ ውሃ እቀይራለሁ፣ ኩሱን እጠርጋለሁ። ይሄም እርዳታ ይባላል? ይሄ የሥራ ፈት ሽማግሌ መመላለስ ነው። እርዳታ ማለት እንደ ጌታው ነው፤ አንዴ መጥቶ ሁሉንም ነገር ጨርሶ መሄድ።

ባለፈው የመጡ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዶሮ ቤቱን ያጠቡ ለታ? እኔ እንዲያ ያለ ንጽሕና በሰው ቤት እንኳ አይቼ አላውቅም። በሳሙና ነው ያጠቡት! ጭዱን አውጥተው አቃጠሉ። ጭዱ ላይ ደግሞ አንዲት የቆየች እንቁላል ነበረች። እትዬ ሁልጊዜ እንቁላል ስታነሳ አንዷን ትተዋለች፤ ዶሮ እንቁላል ያየችበት ቦታ ተመልሳ መጣል ትወዳለችና። እንግዲህ ይሄ የአሮጊት ነገር ነው። ንጹሕ ሰው የቆየች እንቁላል አይቶ ዝም ይላል? አፍንጫቸውን ይዘው ወሰዱና ከአጥር ወዲያ ወረወሯት። እትዬ ምነው ብትል፣ «እማዬ፣ ይሄ እኮ በሽታ ነው!» አሏት። ልጅ ሲያስብልሽ እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ውስጥ አንድም እንቁላል አልተገኘም። ጌታው በስልክ ሲጠይቁ የለም፣ ሲጠይቁ የለም። በቃ፣ ዶሮዎቹ ደርቀዋል፣ እማዬም መያዝ አቅቷታል ተባለ። ከሩቅ ሆኖ እንዲህ አድርጎ የሚያውቅ ሰው አያስቀናም?

አንቺ ግን ከውሃ በርሜልሽ ጀርባ በየቀኑ የምታገኚውን እንቁላል ማን የጣለው ይመስልሻል? እኔ እንጃ... በርሜሉ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ የሰሞኑን ሰብስበሽ ሳህን ሙሉ ይዘሽ መጥተሻል መሰለኝ። በነጠላሽ ሸፈን አድርጊው፣ አደራሽን። ሰው አስቦ፣ ተጨንቆ፣ ወስኖ ከጨረሰ በኋላ እንቁላል አምጥቶ ፊቱ ላይ መደርደር ነውር ነው። ደግሞ እኔ ነገርኩ እኮ። ጌታው፣ ዶሮዎቹ ቦታ ቀየሩ እንጂ አልደረቁም አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደስ አለኝ፤ ሕፃን ሳለሁ ነው እንዲያ የተደረግሁት።

ዶሮዎቹን ከሚወስዷቸው ለኔ ይሰጡኝ እንደሆነም ለመንኩ። ኪራይ ቤቴ ጓሮ ስለሌለው እዚሁ እያደሩ ጠዋትና ማታ ሙሉ በሙሉ እኔ ልያዛቸው፣ እትዬ ብቻ ትያቸው አልኩ። «ጋሼ፣ አንተም እኮ ረዳት ያስፈልግሃል» አሉኝ። አየሽ ርኅራኄያቸውን? ለኔም አስበውልኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወስደኝ ብሏል፣ ከደስታ የተነሳ።

ያቺ ነጯ ናት የምትጮኸው። ልትያዝ አልወደደችም። ባለጉትያዋ ግን ዝም ብላ መኪናው ውስጥ ገባችላቸው፤ የዋህ ናት። እትዬ እንደሆነ የሰው ስም እየጠፋባት ነው። እኔን ራሴን አንዳንድ ቀን በአባታችን ስም ትጠራኛለች፣ አቤት እላለሁ። የዶሮዎቿን ግን ስታ አታውቅም። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ «ይርባቸዋል» ነው የምትለው። ይርባቸዋል ብላ ነው እግሯን ከአልጋ የምታወርደው፣ ይርባቸዋል ብላ ነው ነጠላዋን የምትለብሰው፣ ለነሱ ስትነሳ ነው እሷም አንድ ነገር የምትቀምሰው። ቤቱ በታጠበ ለታ ዶሮዎቹ አንቺ ግቢ ሲውሉ ምን ሆነች? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች እኮ። ሾርባ ብሰጣት፣ «ለማን ብዬ?» አለችኝ... እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ማንም አይርበውም። ታርፋለች። ዕረፍት ነው የተመኙላት።

ምነው እጄን ጎተት አደረግሽኝ? ቀስ ብለህ ተናገር ነው? ለምን? ማመስገን እኮ ነው የያዝኩት።

እስኪ ያንን ሰውዬ እይው፣ ሜትር የያዘውን። ግንበኛ ነው አሉ። ዶሮ የሚያስታምም ግንበኛ እኔ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ዘመኑ ተለውጧል። የዶሮ ቤቱን ወርድ ለካ፣ ቁመቱን ለካ፣ ከዚያ ከግድግዳው እስከ አጥሩ ለካ። ሁለት ዶሮ ለመያዝ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ! ጌታውም «መስኮቱ በዚህ በኩል ቢሆን፣ ተከራዩ የራሱ መግቢያ ቢኖረው» ሲሉ ሰማሁ። ለዶሮዎቹ ነው መቼም። ዶሮ መስኮት ይወዳል።

ያን ሸለምጥማጥ ስንቱን ስረግመው ኖርኩ መሰለሽ... ዛሬ ሳስበው ግን አሳዘነኝ። ምስኪን አውሬ፣ ቢያንስ ሰው እንዳያየው ይፈራል። አንዷን ይዞ ይሄዳል እንጂ ቦታውን አይለካም። ደግሞም ምርቃት አይጠብቅም።

ግን አንዱን ነገር ሳልነግርሽ። እትዬ ዶሮዎቿን እንዴት እሺ ብላ ሰጠች ብለሽ ትገረሚ ይሆናል። ቅድም ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንዴት ባለ በለሰለሰ አንደበት ነገሯት መሰለሽ! «እማዬ፣ ሐኪም ቤት ወስጃቸው መርፌ ተወግተው ይመለሳሉ» አሏት። ቁጣ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። እሷም አመነች። ስላረጀች እንዳይመስልሽ ያመነችው... እናት ስለሆነች ነው። ተነስታ ስንቅ ይሁናቸው ብላ ጥሬ በጨርቅ ቋጠረችላቸው። ነጯ ከሰው ዶሮ ጋር አትስማማም፣ ለብቻዋ ያሳድሩልኝ ብላ አደራ አለች። እሳቸውም «እሺ እማዬ» አሉ፣ ጨርቁንም ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ወደ ውጭ ወጣሁ፤ የሆነ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ።

አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እየጠበቀች ነው። ነገ መቼ ይመጣሉ ብትለኝ ምን እላታለሁ? ከነገ ወዲያስ? ጌታው ለሱ መልስ ሳይተዉልኝ ሊሄዱ ነው። ምናልባት በስልክ ይነግሩኝ ይሆናል።

ይኸው፣ መኪናውን አስነሱ። ተነሺ፣ ቆመን እንሸኛቸው። ሰው ደግ ሥራ ሠርቶ ሲሄድ ሳይመረቅ መሄድ የለበትም፣ ሽማግሌ ደግሞ እዚህ እኔ ብቻ ነኝ። አንቺም አሜን በይ።

አምላክ ይህን ውለታ አይርሳባቸው። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው፣ እትዬ ከደረሰችበት ያድርሳቸው። ልጆቻቸው በእሳቸው ይውጡ። ጉልበት በከዳቸው ቀን አንዳቸውም ከአጠገባቸው አይጥፉ፤ በጠዋት መጥተው፣ ፊታቸውን አጥበው፣ ያማረ ልብስ አልብሰው፣ ክንዳቸውን ደግፈው ቀስ አድርገው መኪና ውስጥ ያስቀምጧቸው። ወዴት ነው ብለው ሲጠይቁም፣ እጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በዚያው በለሰለሰ አንደበት፣ «ሐኪም ቤት ነው አባዬ፣ ቶሎ ትመለሳለህ» ይበሏቸው።